ቀኝ ነፃ ነው

ረዳት ነበርኩ፣ ካይሱዙ በር ላይ ተንጠልጥዬ ኗሪ፣
የቡሬ በርበሬ ጭነን፣ በሌሊት ወደ ባሕር ዳር በራሪ።
ሥራዬ ቃል ነው፤ ሦስት ቃል ብቻ፣
የጋሽ አስረስ ዓይን፣ የመስታወቱ አቻ፦
"ቀኝ ነፃ ነው!" እላለሁ፤ እሱ መሪ ይሰብራል፤
ሳላይም እላለሁ፤ ምላስ ከዓይን ይቀድማል።

ዱርቤቴ ሳንደርስ፣ ዝናብ ባጠበው ጎዳና፣
አንድ ሰው በብስክሌት ይሄዳል፣ በዝግታ፣ በደኅና፤
ከኋላው የታሰረ ጥቅል፣ የዩኒፎርም ጨርቅ፣ ሰማያዊ፤
ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው።

"ዳር ያዝ!" አልኩት፣ በሩን በመዳፌ እየደበደብኩ፤
ዳሩን ግን መች አየሁት? እኔ ከላይ ነበርኩ።
ዳሩ ጠጠር ነው፤ ዳሩ የቆመ ባጃጅ፤
የተቆረሰ አስፋልት፣ የፍየል መንጋ፣ የሰው ደጅ።
"ዳር ካልተጠበቀ መሐል ዳር ይሆናል" ሲባል፣
ለጠረፍ ይመስለኝ ነበር፤
ጠረፍ ለካ እዚህም አለ፣ ከጎማችን ሥር ይጀምራል።

ልናልፈው ስንል ከፊት አውቶቡስ መጣ፣ መብራቱን እያበራ።
ጋሽ አስረስ ጮኸ፣ "ቀኝህስ?"
የበርበሬው ብናኝ ዓይኔን ለብልቦኛል፤ በእጅጌዬ እያበስኩ
"ነፃ ነው" አልኩ።

አንድ ድምፅ። ወፍራም፣ አጭር።
"ጆንያ ወደቀ እንዴ?" አለኝ።
ዞሬ አየሁ፤
ቦዩ ውስጥ ሰማያዊ ጨርቅ፣
ወደ ሰማይ የሚሽከረከር አንድ ጎማ።
"ጆንያው ሙሉ ነው" አልኩ።
እውነቴን ነው። ጆንያው ሙሉ ነበር።

ስሙ ልየው ነው። ኋላ ነው የሰማሁት።
እናቱ ልታየው ጓጉታ ያወጣችለት ስም፤
እኔ ነኝ ያላየሁት።

ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀኝ እግሩ ነበር እንጀራው፣
ጠዋት ብስክሌቱን፣ ቀን ሲንጀሩን የሚነዳው።
በኔ ቃል ሁለት መንኮራኩር ባንድ ማለዳ ቆሟል፤
"ተቆረጠ" አላሉኝም፤ "አይታጠፍም" ብለውኛል።

አሁን መሪው የኔ ነው፤ ሰባት ዓመት አለፈ።
አምና ሱቁ ገባሁ ሱሪ ይዤ፣ ርዝመቱ የተረፈ።
አላወቀኝም። በቀኙ መኪናውን ያዞራል፣ በግራው ጨርቅ ይገፋል፤
ያ እግር ከወንበሩ ሥር እንደ ተረሳ ዕቃ ተዘርግቷል።
ለክቶኝ በጠመኔ መስመር ሳበ፤
ከመስመሩ ወዲያ ሁለት ጣት አሰበ፤
"ለስፌት ትርፍ ካልተውክለት ጨርቅ ይተረተራል፤
መንገድም እንዲሁ ነው" አለ፤ "ሾፌር ግን ትርፍ ሲሉት ጭነት ይመስለዋል።"

ምን እንደ ነካው አላውቅም፤ ምናልባት እጄ ላይ የመሪ ጠባሳ አይቶ፣
ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፦
"ይኸው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሜትር ተኩል ነው፤ ሌላ አልጠየቅንም።
አስፋልቱ የኔም ነው፤ ሞተር የለኝም ተብዬ እንግዳ አልሆንበትም።
ሲያልፉኝ ይቺን ያህል ቢተዉልኝ፣
ዛሬ በእግሬ እሰፋ ነበር።"

ልነግረው ነበር። ያ ጆንያ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
"ስንት ነው?" አልኩት።
"ሠላሳ ብር። ማክሰኞ ይደርሳል።"

ዛሬ ከመራዊ ወዲያ ብስክሌት ከፊቴ ሲያዘግም፣
ማርሽ ቀንሼ እከተላለሁ፣ ከኋላዬ ስድብ ቢዘንብም።
ክላክስ አልነካም፤ የደነገጠ ሰው መሪ ይስታል።
ረዳቴ ገና ልጅ ነው፤ ከበሩ ላይ "ጋሼ፣ ቀኝ ነፃ ነው!" ይላል።
አላምነውም።
አንገቴን ወደ ቀኝ ሰብሬ፣ የልየውን ሜትር በዓይኔ እዘረጋለሁ፤
ከሞላልኝ አልፋለሁ፤ ካልሞላ እቆያለሁ።
ልጁ ይገረማል፤ "ነፃ ነው አልኩህ እኮ!"

መንገዱስ ይሁን፤ እኔ ነኝ ነፃ ያልሆንኩት።
ማክሰኞ ስንቴ መጥቶ ሄደ፤
ሱሪው እዚያው ተሰቅሏል፤ ገብቼ አልወሰድኩት።